ግማሽ ላይ የቆመው ጎድን መክፈቻ

ምናልባት አዛብቼ እያስታወስኩት ይሆናል፣ ምናልባት ዶክተሯ እምቢ አለ ያለችው እጀታውን ሁለተኛ ስታዞር ነው፣ ወይም ሦስተኛ፣ ወይም ጭራሽ አላለችም፣ እኔው ነኝ በሆዴ ያልኩት፣ ግን መቆሙን አይቻለሁ፣ እዚህ ላይ አልሳሳትም፣ ሁለቱ ምላሶች በጎድንና በጎድን መሃል ገቡ፣ እጀታው ዞረ፣ ምላሶቹ ተራራቁ፣ ደረቱ ተከፈተ፣ ተከፈተ፣ ከዚያ ቀጥ። ግማሽ ላይ። ዳገት ላይ እንደሞተ መኪና። እኔ የሳልኩት፣ እኔ የሞረድኩት፣ ለወራት እንደ ሙሽራ ሳሰማምረው የከረምኩት ጎድን መክፈቻ ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ ነክሶ ቀረ።

አሁን ጭኔ ላይ ነው። ሲስተር በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በላዩ ሁለት ፌስታል ደርባ አስታቀፈችኝ፣ ውሰድልኝ ኢንጂነር፣ ያንተን ጉድ ከሆስፒታሉ ዕቃ ጋር አላጥብም፣ አለችኝ፣ ክፋት የላትም፣ ደክሟት ነው፣ ሁላችንም ደክሞናል፣ እኔ ምን ሠርቼ እንደደከመኝ አላውቅም እንጂ፣ ግድግዳ ተደግፎ ከማየት ሌላ የሠራሁት የለም። አራስ እንደታቀፈ ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ። አግዳሚ ወንበሩ አንድ እግሩ አጥሯል፣ በተነቃነቅኩ ቁጥር ቋ ይላል፣ ስለዚህ አልነቃነቅም። ፊት ለፊቴ የቀዶ ጥገና ክፍሉ በር። በሩ ላይ ክብ መስታወት። መስታወቱ በውስጥ በኩል በወረቀት ተሸፍኗል፣ ታዲያ መስታወት ለምን አስፈለገው፣ ማነው እንዲህ ያለውን በር የሚሠራ፣ ተው፣ አንተ ስለ ሰው ሥራ አትናገር፣ ዛሬስ አትናገር።

አጠገቤ የልጁ እናት ተቀምጠዋል። ከላዬ ያለው አረንጓዴ ልብስ ነው ያሳሳታቸው። ዶክተር፣ ልጄ እንዴት ነው፣ አሉኝ፣ እማማ እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ አልኩ፣ እሺ ዶክተር፣ ልጄ እንዴት ነው። ከታች ወደዚህ አምጥተውታል፣ ውስጥ እየሠሩለት ነው፣ አልኩ። እውነት ነው። ይሄን ያህሉ እውነት ነው።

በቅደም ተከተል ላስብ። ከመጀመሪያው። ልጁ ሕንፃ ሥራ ላይ ነበር፣ ከእርብራብ ወደቀ፣ ቆሞ የነበረ ፌሮ ግራ ደረቱን ወጋው፣ ጓደኞቹ በፒካፕ ጭነው አመጡት፣ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ልቡ ሊቆም ነበር ወይም ቆሞ ነበር፣ ይሄን ለይቼ አላውቅም፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው፣ ሁሉም እንቅልፍ እያሉ የሚጠሩት ሰውዬ፣ ምት የለም፣ ምት የለም ሲል ሰምቻለሁ። ወደ ላይ ለማውጣት ፋታ አልነበረም። እዚሁ ነው የምከፍተው፣ አለች ዶክተሯ። ከዚያ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ጥግ ይዤ ስቆም ታየኝ ነበር፣ መሳሪያዬ ተቀቅሎ፣ ታሽጎ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ደግሞ ደረት እጠብቃለሁ፣ እስቲ አስበው፣ ሰው እስኪወጋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ሰው ሳይመጣ ሲውል ደግሞ ቅር ይለኝ ነበር፣ ይሄን ለማንም አልነገርኩም። የሱን አምጪው፣ አለቻት ለሲስተር። የሱን። ልቤ ዘለለ። የልጁ ልብ ሲቆም የኔ በደስታ ዘለለ፣ ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ።

ሥራው የመጣው ከእሷው ነው። አሮጌው መክፈቻ እጀታው ተጣሞባት ወርክሾፕ ድረስ ይዛው መጣች። ጎድን መክፈቻ የተወሳሰበ ነገር አይደለም፣ አንድ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፣ ጫፉ ላይ የማይንቀሳቀስ ምላስ፣ ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ሌላ ምላስ፣ እጀታውን ስታዞረው ሁለቱ ጎድኖቹን ይዘው ይራራቃሉ፣ እንደ መኪና ክሪክ በለው፣ ክሪኩ ግን ሰው ውስጥ ነው። ሊማ፣ ቶርኖ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ፣ ምንም ነገር ሳይሞርድ ስለማይለቅ ነው ሊማ ያልነው፣ አሮጌውን ተቀብሎ ነቀነቀው፣ ቋ ቋ ቋ አለ፣ ዶክተር፣ ይሄ መሳሪያ ነው ወይስ የሽማግሌ ጥርስ፣ አላት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ስሙኝማ፣ አለች፣ ድንገተኛ ክፍል ረዳት የለኝም፣ አንድ እጄ ሁልጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነው፣ ይሄ ደግሞ አንዱ ካልያዘልኝ ሌላው አይዞርም፣ በአንድ እጅ የሚከፈት ሥሩልኝ።

በአንድ እጅ። አሮጌውን አቃንተን መለስንላት፣ አዲሱንም ሠራነው። ጥርሱን ደቃቅ አደረግነው፣ እጀታውን አስረዘምነው፣ ከዚያ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ መንኳኳቱን አጠፋነው። በኛ ቤት የሚንኳኳ ነገር ነውር ነው፣ ሥራውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይዞ መነቅነቅ ነው፣ ከተነቃነቀ ሰሪው ሰነፍ ነው፣ አለቀ። ተንሸራታቹን ከዘንጉ ጋር ልክ ለልክ አደረግነው። ፀጉር አያሳልፍም፣ አለ ሊማ። እንኳን ፀጉር አየርም አያሳልፍ፣ አልኩ እኔ። ሁለታችንም እንደ ሞኝ ደስ አለን። ዘይት ጠብ አድርገን ስንገፋው እንደ ቅቤ ሄደ።

የሞከርኩት በልኳንዳ ጎድን ነው። የምኖረው እህቴ ቤት ነው፣ የበግ ጎድን ገዝቼ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ አስሬ ስከፍት ስዘጋ፣ እህቴ በር ላይ ቆማ፣ አንተ፣ ሥጋውን ማን በልቶት ነው አጥንቱ ወደኔ ቤት የሚመጣው፣ ባሏ ደግሞ፣ ተይው፣ ሚስት እየፈለገ ነው፣ እሷም፣ ወንድሜ፣ ሚስት ከጎድን የወጣችው አንዴ ብቻ ነው፣ አትልፋ። እኔ እስቃለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ስንቱን ጎድን ከፈትኩ፣ አንዴም አልነከሰ። ንጹሕ ጎድን። ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ ያደረ፣ ደሙ የተንጠፈጠፈ።

ደሙ የተንጠፈጠፈ።

ይሄ አሁን ነው የመጣልኝ፣ እዚህ፣ ወንበሩ ቋ እንዳይል ትንፋሼን ይዤ። ስንት ወር ደረት ስስል ኖሬ ደም አልሳልኩም። ዘይቱ ታጠበ፣ በእንፋሎት ተቀቀለ፣ ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት፣ ከዚያ ደም ገባበት፣ ፀጉር የማያሳልፈው መሃል ደም ገብቶ ረጋ። ሙጫ። አሮጌው ለምን እንደሚንኳኳ አሁን ገባኝ፣ አርጅቶ አይደለም፣ ወይም አርጅቶም ይሆናል፣ ግን ክፍተቱ ለደሙ መተላለፊያ ነው፣ የሽማግሌ ጥርስ እያልን ስንስቅ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሊማ ነው። እሺ፣ እንዴት ሆነ፣ ይላል፣ ቆመ፣ እላለሁ ድምፄን ቀንሼ፣ ውይ፣ ነፍስ ይማር፣ ይላል፣ ኧረ ልጁ አይደለም፣ መክፈቻው፣ የቶርኖው ድምፅ ከኋላው ይሰማል፣ ዘይት ቀብተኸው ነበር ወይ፣ ይለኛል፣ ዘይት ሰው ደረት ውስጥ ይገባል እንዴ ሊማ፣ ታዲያ ምን ያዘው፣ ይላል፣ ደም፣ እላለሁ፣ ደም እኮ ቀጭን ነው፣ ሲረጋ አይደለም። ከዚያ፣ ልክ ለልክ ይሁን ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ይላል፣ አይ፣ እኔ ነኝ፣ እላለሁ፣ እኔ ነኝ እንጂ፣ ይላል፣ ጥፋቱንም እንደ ግብዣ ሂሳብ እኔ እኔ እንባባላለን። ልጁስ፣ ይላል በመጨረሻ። አላውቅም። አላውቅም ሊማ።

አላውቅም ያልኩት ይሄን ነው፦ መሳሪያው ግማሽ ላይ ሲቆም ሲስተር አሮጌውን ልታመጣ ሮጠች፣ በሩ ከኋላዋ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ፣ ዶክተሯም ቆመች። ዝም ብላ ቆመች። ሁለት እጇ እጀታው ላይ ነው፣ አጎንብሳ፣ አትነቃነቅም፣ አትናገርም፣ እንቅልፍም ዝም አለ። ምን ያህል ቆየን። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፣ እኔ፣ ሁሉን ነገር በካሊፐር የምለካው ሰው፣ ቀና ብዬ አላየሁትም። በሐሳቤ ሲስተርን ደጋግሜ አስሮጣታለሁ፣ መደርደሪያው ጋ አደርሳታለሁ፣ ሣጥን አስከፍታታለሁ፣ እመልሳታለሁ፣ አንዴ በጣም አጭር ይሆናል፣ አንዴ ከጠዋት እስከ ማታ። አንጎል ያለ ደም ብዙ አይቆይም። ይሄን አንብቤያለሁ። ልብ ተሰፍቶ ይመታል፣ ሰውየው ግን ላይመለስ ይችላል፣ ዓይኑን ከፍቶ እናቱን ላያውቅ ይችላል። አሮጌው መጣ፣ ገባ፣ እየተንኳኳ ከፈተው፣ ደረቱ ሲሰፋ የኔው ከጎድኖቹ ላልቶ ወደቀ፣ ማንም አላየውም፣ እንደ ነከሰ አፍ ግማሽ እንደተከፈተ። እንደዚያው ነው አሁንም። በፌስታሉ ላይ እዳብሰዋለሁ፣ ሁለቱ ምላሶች ይታወቁኛል።

ፎቅ ባየ ቁጥር የኔ ነው ይላል እኮ፣ ይላሉ እናትየው ድንገት። ማን፣ እላለሁ። ልጄ። በታክሲ ስናልፍ፣ እማዬ ያቺን ፎቅ አየሻት፣ እኔ ነኝ የሠራኋት፣ ይለኛል። የተሸከመው አሸዋ ነው፣ አንተ አሸዋ ተሸክመህ ነው ወይ ፎቁ ያንተ የሆነው፣ ስለው፣ ታዲያ በአየር ላይ ሊቆም ነው፣ ይለኛል። በከንፈራቸው ፈገግ ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ፈገግ አላለም። ጠዋት ተቆጥቼው ነው የወጣው፣ ካልሲህን መሃል ቤት አትጣል ብዬ። ለካልሲ። ይጣል። መቶ ካልሲ ይጣል። እኔም እጥላለሁ እላለሁ፣ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፣ ይላሉ።

ከዚያ ጭኔን ያያሉ። ምንድነው የያዝከው የኔ ልጅ። የሥራ ዕቃ ነው። ለልጄ የሠራችሁበት ነው ወይ። አዎ ማለት ውሸት ነው፣ አይደለም ማለትም ውሸት ነው፣ ለልጅዎ ገብቶ ነበር፣ እላለሁ፣ ምን ዓይነት መልስ ነው። እሳቸው ግን አልሰሙኝም ወይም የሰሙት ሌላ ነው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ፌስታሉ ላይ ያሳርፋሉ፣ እንደ ሕፃን ራስ ቀስ ብለው፣ የሠራህ እጅ ይባረክ፣ ይላሉ፣ ብረቱን ነው የሚያናግሩት፣ የሠራህ እጅ አይታመም፣ አይቸገር። ከመዳፋቸው በታች ሁለት ፌስታልና አንድ ጨርቅ፣ ከዚያ በታች የልጃቸው ደም። እጄ ጭኔ ላይ ነው። የተባረከው እጅ። የት ልደብቀው። ልናገር፣ እማማ ይሄ ነው ያስቆመን ልበል፣ ለማን ይጠቅማል፣ ለሳቸው ነው ወይስ እኔ እንዲቀለኝ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ በሩ ይከፈታል።

ዶክተሯ ናት። ጭምብሏ አገጯ ሥር፣ ፊቷ ላይ የላስቲኩ ምልክት። እናትየው ይነሳሉ፣ ወንበሩ ቋ ይላል። እማማ፣ ልቡን ሰፍተነዋል፣ እየመታ ነው፣ ትላለች፣ እናትየው ጉልበቷን ሊይዙ ይወድቃሉ፣ ተይ ተይ እናቴ፣ ትላለች እያነሳቻቸው፣ ገና ነው፣ ገና አልነቃም፣ ሲነቃ ነው የምናውቀው፣ ጸልዩ። ሲነቃ ነው የምናውቀው። ምኑን እንደሆነ እናትየው አልጠየቁም። እኔ አውቄዋለሁ።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ዘርፈጥ ትላለች፣ የጫማዋን ሽፋን ታወልቃለች፣ አንዱን ብቻ፣ ሌላውን ትረሳዋለች። የሚበላ ነገር ይዘሃል ወይ፣ ትለኛለች። አልያዝኩም። ኢንጂነር ሁልጊዜ ብስኩት የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፣ ትላለች። ቆመብዎት፣ እላለሁ። ቆመ፣ ትላለች፣ እንደ አየር ሁኔታ። ደም ነው፣ እላለሁ፣ አጥብቄ ገጥሜው ደም ረጋበት፣ የሞከርኩት ደም በሌለው ጎድን ነው። ይሆናል፣ ትላለች ዓይኗን ጨፍና፣ አላላውና አምጣው፣ ከፈለገ ይንኳኳ፣ በአንድ እጅ መዞሩን ወድጄዋለሁ። አላላውና አምጣው። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ። ምን ያህል ቆየ፣ እላለሁ። ምኑ። አሮጌው እስኪመጣ ቆመው የጠበቁት።

አንድ ዓይኗን ትከፍታለች። ማን ጠበቀ። እርስዎ፣ ሁለት እጅዎን እጀታው ላይ አድርገው። አንድ እጄን ነው፣ ትላለች፣ ሌላው ውስጥ ነበር፣ ልቡ ላይ፣ ቀዳዳውን በጣቴ ደፍኜ ልቡን እየጨመቅኩለት ነበር፣ ለዚህ አይደል በአንድ እጅ ይሁን ያልኩህ። አልነቃነቅም ነበር ዶክተር፣ አየሁዎት። አንተ ያየኸው እጀታውን ነው፣ ትላለች፣ ዓይኗንም ትጨፍናለች።

እጀታውን። ልክ ናት መሰለኝ። ተመልሼ አየዋለሁ፣ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ጎንበስ ማለት፣ ሁለተኛውን እጅ እፈልጋለሁ፣ አሁንም እጀታው ላይ ነው የማገኘው፣ የተነገረኝንም አውቄ ትዝታዬ እጇን አላወርድ አለኝ፣ ብረቴን ብቻ ነው ያየሁት፣ ብረቴ ለምን እንደቆመ ብቻ፣ አንድ ሰው ሞትና ሕይወት መሃል ተጋድሞ እኔ ዘንግ አያለሁ። ግን እንዴት ገባች። በግማሽ ክፍተት። እንዴት ገባ እጅዎ፣ እላለሁ። በከፈትክልኝ ነዋ፣ በምን ልግባ፣ ትላለች፣ ተነስታም ትሄዳለች፣ አንድ እግሯ ሽፋን እንደለበሰ፣ ሹክ ሹክ እያለ።

በከፈትክልኝ። ደስታ ከሆዴ ወደ ላይ ሊወጣ ይሞክራል፣ አላምነውም፣ ቁጭ በል እለዋለሁ።

እንጠብቃለን። የኮሪደሩ ፀሐይ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ አልጋ እየገፋ ያልፋል፣ አንዷ ወለል ትወለውላለች፣ እግር አንሱ፣ ትለናለች፣ እኔና እናትየው እኩል እናነሳለን። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል። እንቅልፍ ከበሩ ይወጣል፣ ሰውየው ማለቴ ነው፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ የልጁ እናት ማን ናቸው፣ ይላል፣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል፣ እኔ ነኝ፣ ይላሉ። እናት፣ ነቅቷል። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ አይናገርም፣ ግን ጣቴን ጨብጥ አልኩት፣ ጨበጠ፣ ልቀቅ አልኩት፣ ለቀቀ፣ እናትህ መጥታለች አልኩት፣ እንባው ወረደ። እሱ ነው፣ ይላሉ እናትየው፣ እሱ ነው፣ እሱ ነው፣ ሌላ አይሉም፣ ይገባሉ፣ በሩ ከኋላቸው ይወዛወዛል። ጨብጥ ሲሉት ጨበጠ። ልቀቅ ሲሉት ለቀቀ። ግንባሬን ፌስታሉ ላይ ደፍቼ ምን ያህል እንደቆየሁ እሱንም አልለካሁም።

አሁን ቤት ሄጄ መተኛት ነበረብኝ። አልችልም፣ የማላምነው ነገር ሆዴ ውስጥ እያለ አልተኛም፣ ተፈጥሮዬ ነው። ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ሲስተር አለች፣ ትንሽ ልየው ሲስተር፣ እላለሁ፣ በባዶ እጅ እንዳትነካው፣ ትላለች፣ እጅህን አሳይ፣ ስምንት ቁጥር ነህ፣ ታሽጎ የነበረ ጓንት ትወረውርልኛለች፣ ልክ ናት፣ ስምንት። ጨርቁን እፈታለሁ። ደሙ ጠቁሯል። ምላሶቹ እንደቆሙ ናቸው፣ ስገፋቸው እምቢ። የሙሉ ክፍተቱን ልክ ስወስን የለካሁት የራሴን እጅ ነው፣ ግማሹን ለክቼው አላውቅም፣ ግማሽ ላይ ማን ይቆማል ብዬ። ጣቶቼን አጥፌ፣ አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ ሰብስቤ፣ በሁለቱ ምላሶች መሃል እሰዳለሁ። ጣቶቼ ገቡ። መዳፌ ጀመረ። አውራ ጣቴ ሥር ሲደርስ ቆመ። አጥብቤ፣ አጣምሜ፣ ከጎን፣ ከታች። አይገባም። እንደገና። ምን እያደረግክ ነው፣ ትላለች ሲስተር፣ ምንም፣ እላለሁ፣ እጄ እዚያው እንደተቀረቀረ፣ የኔ ቢሆን ኖሮ፣ የኔን የመሰለ እጅ ያለው ቢሆን ኖሮ፣ እላለሁ፣ ይሄን ግን ጮክ ብዬ አይደለም፣ ልጁ ተርፏል፣ ጨብጧል፣ ለቋል፣ በቃ፣ ተኛ፣ እጄን ግን አላወጣም።

ኋላ ላይ ጓንት የምታድለውን ሠራተኛ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ የዶክተሯ የጓንት ቁጥር ስድስት ነው፣ በዚያ ሆስፒታል ደረት ከሚከፍቱት ሐኪሞች ስድስት የምታደርገው እሷ ብቻ ናት።